ከለቀቅሁት መሥሪያ ቤት አስተዳደር የግል ላፕቶፔን እንዴት ላላቅቀው?

የማታ ብርሃን (ጠያቂ)፣ ሰኞ ማታ

የተከበራችሁ አባላት፣ ምክራችሁን የምሻበት ጉዳይ አለኝ። በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ላፕቶፕ አለኝ፤ መሥሪያ ቤት የሰጠኝ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ ስጀምር የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይልና ቲምስን (የስብሰባና የመልእክት መተግበሪያ) በራሴ ማሽን እንድጠቀም ስለተነገረኝ በሥራ አካውንቴ ገባሁ። በመካከሉ አንድ መስኮት ብቅ ብሎ ስለ ማስተዳደር የሆነ ነገር ጠየቀኝ። ስብሰባው ሊጀመር ስለነበር ሳላነበው «እሺ» የሚለውን ተጭኜ አለፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ የእኔ መሆኑ እየቀረ መጣ። አምስት ደቂቃ ካልነካሁት ራሱን ይቆልፋል፤ ጊዜውን ላራዝም ስሞክር ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ይላል። የይለፍ ቃሌንም እንዳረዝም አስገድዶኛል። በአንዳንድ የሴቲንግ ገጾች አናት ላይ «ከእነዚህ ቅንብሮች አንዳንዶቹን የሚያስተዳድረው ድርጅትዎ ነው» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ባለፈው ሳምንት ሥራውን ለቅቄያለሁ፤ አካውንቴም በወሩ መጨረሻ እንደሚዘጋ ተነግሮኛል።

በሴቲንግ ውስጥ «አካውንትስ» ከሚለው ሥር «አክሰስ ወርክ ኦር ስኩል» የሚል ገጽ አግኝቻለሁ። የሥራ ኢሜይሌ በዚያ ተቀምጦ «ዲስኮኔክት» የሚል ቁልፍ ከጎኑ አለ፤ ግን ልጫነው አልደፈርኩም። አንድ ጓደኛዬ ፎርማት አድርገህ ተገላገል ይለኛል። የልጆቼ ፎቶዎችና የግል ጽሑፎቼ ያሉት እዚሁ ማሽን ላይ ስለሆነ፣ ሳላውቅ የማደርገው ነገር እንዳይጎዳኝ ብዬ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

---

ፈጣን እጅ፣ ሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም። «ዲስኮኔክት» የሚለውን ተጭነህ ማሽኑን አጥፍተህ አብራው። እኔ ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

---

ቁልፍ ያዥ፣ ሰኞ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ

ጠያቂው ቁልፉን ሳይጫኑ መጠየቅዎ ትክክል ነው፤ እባክዎ ዛሬም አይጫኑት። ለብዙ ዓመታት በሌላኛው ወገን፣ ማለትም በአስተዳዳሪው ወንበር ላይ ስለተቀመጥኩ፣ ሰዎች ነገሩን ከመጨረሻው ጀምረው የሚከፍሉትን ዋጋ አይቻለሁ። «ዲስኮኔክት» የመጨረሻው እርምጃ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብዎ ነገር ማሽኑ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የታሰረበትን የገመድ ዓይነት ነው። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ እንጂ ገመዶቹ አንድ አይደሉም። ቀላሉ ምዝገባ ብቻ ነው፦ ዊንዶውስ የሥራ አካውንትዎን ያውቀዋል፣ ቲምስና ዎርድ የይለፍ ቃል በየጊዜው እንዳይጠይቁዎ ይረዳል፣ ከዚያ ያለፈ ሥልጣን ግን የለውም። ሁለተኛው በዚህ ምዝገባ ላይ የመሣሪያ አስተዳደር ሲጨመርበት ነው። ያን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ የአስተዳደር ሥርዓት፣ ብዙ ጊዜ የማይክሮሶፍት ኢንቲዩን፣ ደንቦችን ወደ ማሽኑ ይልካል፤ የስክሪኑ መቆለፊያ ጊዜና የይለፍ ቃሉ ርዝመት የመጡትም ከዚያ ነው። ሦስተኛውና ጠንካራው ማሽኑ ራሱ የድርጅቱ አባል ሆኖ ሲቀላቀል ነው፤ በ2023 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስሙ ከአዠር አክቲቭ ዳይሬክቶሪ ወደ ኤንትራ አይዲ የተለወጠው አገልግሎት ውስጥ፣ ወይም በድሮው ዶሜይን (የመሥሪያ ቤቱ የራሱ የኮምፒውተሮች መረብ)። በዚህ ዓይነት የታሰረ ማሽን ሲበራ መግቢያው ላይ የሚጠይቀው የሥራውን አካውንት ነው።

የእርስዎን ለመለየት ይህን ያድርጉ። ኮማንድ ፕሮምትን (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ይክፈቱና በላቲን ፊደል ዲ፣ ኤስ፣ አር፣ ኢ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብለው ያለ ክፍተት ይጻፉ፤ አንድ ክፍተት ይተዉ፤ ወደ ፊት ያዘነበለውን መስመር ያስከትሉና «ስታተስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጨምረው ኢንተር ይጫኑ። ከሚወጣው ረጅም ዝርዝር ውስጥ የምንፈልገው ሦስት መስመር ብቻ ነው፦ «አዠር ኤዲ ጆይንድ»፣ «ዶሜይን ጆይንድ» እና «ወርክፕሌስ ጆይንድ»። በእያንዳንዱ ፊት «የስ» ወይም «ኖ» ተጽፏል። በተጨማሪም በዚያ የሴቲንግ ገጽ ላይ የሥራ ኢሜይልዎን ሲጫኑት ከ«ዲስኮኔክት» ጎን «ኢንፎ» የሚል ሌላ ቁልፍ ካለ፣ የመሣሪያ አስተዳደር ተጨምሯል ማለት ነው። የዊንዶውስዎ ዓይነት ሆም ከሆነ ሦስተኛውን ገመድ ከወዲሁ ይርሱት፤ ሆም ለድርጅት አባልነት አይቀላቀልም።

ውጤቱን ነገ ይጻፉልን፤ ቀጣዩ እርምጃ በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

---

የማታ ብርሃን፣ ማክሰኞ ጠዋት

እግዜር ይስጥልኝ። ዊንዶውሱ ፕሮ ነው። «አዠር ኤዲ ጆይንድ» ኖ፣ «ዶሜይን ጆይንድ» ኖ፣ «ወርክፕሌስ ጆይንድ» የስ ይላል። «ኢንፎ» የሚለው ቁልፍም አለ። ማሽኑን ሳበራ የምገባው በራሴ በፈጠርኩት የአካባቢ አካውንት እንጂ በሥራው አካውንት አይደለም።

---

ያልታደለች፣ ማክሰኞ ጠዋት

ቁልፍ ያዥ ከመቀጠላቸው በፊት የእኔን ታሪክ ልንገርዎ፤ ምናልባት ከብዙ ምክር ይበልጥ ይሠራ ይሆናል። እኔ በትምህርት ቤት አካውንቴ ነበር የራሴን ላፕቶፕ ያስመዘገብኩት። ስመረቅ አካውንቱ ተዘጋ፤ ማሽኑ እንደ ወትሮው ይሠራ ስለነበር ምንም አልመሰለኝም። ከአራት ወር በኋላ የባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ማሻሻያ ተጫነና በማግሥቱ ማሽኑን ሳበራ ሰማያዊ ገጽ መጣ፦ የቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ ማመስጠሪያ) መልሶ ማግኛ ቁልፍ አስገቢ ይላል። አርባ ስምንት አሃዝ። እኔ ዲስኩ የተመሰጠረ መሆኑንም አላውቅም ነበር።

ቁልፉ የተቀመጠው በተዘጋው አካውንቴ ውስጥ ነበር። የትምህርት ቤቱን የአይቲ ክፍል ስጠይቅ የተመራቂዎች መሣሪያዎች መዝገብ እንደተሰረዘ፣ ቁልፉም አብሮ እንደጠፋ ነገሩኝ። በደል ፈጸሙብኝ ማለት አልችልም፤ መዝገብ ማጽዳት ሥራቸው ነው። ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቆችና የሁለት ዓመት ፎቶዎቼን ይዞ የተቀመጠውን ዲስክ ከማጥፋት በቀር ምርጫ አልነበረኝም። ዲስኩ ምንም አልሆነም፤ እዚያው ነው፤ የማነበው ግን የለም።

---

ፈጣን እጅ፣ ማክሰኞ ጠዋት

እህቴ፣ አዝናለሁ። እኔ ያላቀቅኋቸው ሁለቱም ማሽኖች ዲስካቸው ያልተመሰጠረ ነበር፤ ትናንት የጻፍኩትን በዚህ እርማት አንብቡልኝ።

---

ቁልፍ ያዥ፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ያልታደለች የጻፈችው በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ነው፤ ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ።

ጠያቂው፣ የእርስዎ ሁለተኛው ገመድ ነው፤ ምዝገባ ከነአስተዳደሩ። ማሽኑ የድርጅቱ አባል አልሆነም፤ የሚገቡትም በራስዎ አካውንት ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ምክንያቱም ሲያላቅቁት ከማሽንዎ ውጭ አይቀሩም። ነገር ግን የአስተዳደር ደንብ ዲስክ እንዲመሰጠር ሊያዝ ይችላል፤ ሲያዝም ቁልፉን ወደ ድርጅቱ መዝገብ ሊልከው ይችላል። ሲያላቅቁት ምስጠራው አብሮ አይነሳም፤ ዲስኩ እንደተመሰጠረ ይቀጥላል፣ እርስዎ ግን ቁልፉ ወዳለበት ቦታ የሚወስድዎትን መንገድ ያጣሉ።

ስለዚህ ዛሬውኑ «ማኔጅ ቢትሎከር» ብለው ይፈልጉና ዲስኩ የተመሰጠረ መሆን አለመሆኑን ይዩ። ከተመሰጠረ «ባክ አፕ ሪከቨሪ ኪይ» የሚለውን ተጭነው ቁልፉን ያትሙት ወይም በፍላሽ ያስቀምጡት። ስድስት ስድስት አሃዝ ያላቸው ስምንት ምድቦች ናቸው። በእጅ ከገለበጡት ሁለት ጊዜ ያመሳክሩት፤ አንድ አሃዝ ቢሳሳት ቁልፍ መሆኑ ይቀራል። በዚያው ማሽን ላይ ብቻ የተቀመጠ ቁልፍ ደግሞ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደመቆለፍ ነው። ከፈለጉ ምስጠራውን ለጊዜው ሙሉ በሙሉ አንስተው፣ ካላቀቁ በኋላ በአዲስ ቁልፍ እንደገና ማመስጠር ይችላሉ። እኔ ብሆን ይህንን እመርጣለሁ፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ የቀድሞው ቁልፍ ቅጂ በማንም መዝገብ ቢቀር የማይከፍተው ይሆናል።

ቀጥሎ ፋይሎች። የመሥሪያ ቤቱን ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማከማቻ) ከጫኑ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ዴስክቶፕ፣ ዶኩመንትስና ፒክቸርስ የሚባሉት ፎልደሮች በጸጥታ ወደ ድርጅቱ ዋንድራይቭ ውስጥ ተዛውረው ሊሆን ይችላል። የአንዱን ፋይል አድራሻ ይመልከቱ፤ በመካከሉ የመሥሪያ ቤቱ ስም ካለ ተዛውሯል። የደመና ምልክት የሚታይባቸው ፋይሎች ደግሞ በማሽንዎ ላይ ስማቸው ብቻ ነው ያለው፤ አካውንቱ ሲዘጋ አብረው ይሄዳሉ። የግል የሆነውን ሁሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይቅዱ፤ ከዚያም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው መከፈታቸውን ያረጋግጡ። የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ግን አይውሰዱ። የልጆችዎ ፎቶ የእርስዎ ነው፤ የደንበኞች ዝርዝር አይደለም።

ሰው ሁሉ የሚረሳው ሌላ ነገር፦ በሥራ ኢሜይልዎ የከፈቷቸው የግል አገልግሎቶች። የይለፍ ቃል መቀየሪያ መልእክት ወደዚያ ኢሜይል የሚላክ ከሆነ፣ አካውንቱ በተዘጋ ማግሥት ከራስዎ ባንክ ወይም ከራስዎ ፎቶ ማከማቻ ውጭ ይቀራሉ። አንድ ምሽት መድበው እየዞሩ በግል ኢሜይልዎ ይተኩት።

በመጨረሻ ለአይቲ ክፍሉ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ «ይህ ማሽን የግሌ ነው፣ ከአስተዳደር ላወጣው ነው፣ በእናንተም በኩል መዝገቡ ይውጣ» ይበሏቸው። ይህ ለጨዋነት ብቻ አይደለም። በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ ተቀራርበው የተቀመጡ ሁለት ትእዛዞች አሉ። «ሪታየር» የሚባለው የድርጅቱን መረጃና ደንብ ብቻ ያነሳል፤ «ዋይፕ» የሚባለው ማሽኑን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሰዋል፣ የልጆችዎን ፎቶ ጨምሮ። ሠራተኛ ሲለቅ መሣሪያውን በጅምላ የሚያጸዳ ልማድ ባለበት ቦታ፣ የግልና የመሥሪያ ቤት ማሽን ሊምታታ ይችላል። ስለዚህ ከወሩ መጨረሻ በፊት እርስዎ ቀድመው ማላቀቅዎ ይሻላል።

---

መምህርት፣ ማክሰኞ ማታ

በዚሁ ልጠይቅ። እንዲህ ባለ አስተዳደር ሥር ሳለን ምን ምን ያያሉ? ባልደረቦቼ የምንጎበኘውን ድረ ገጽ ሁሉ ያያሉ ብለው ያምናሉ።

---

ቁልፍ ያዥ፣ ማክሰኞ ማታ

በኢንቲዩን ረገድ ለአስተዳዳሪው የሚታየው የማሽኑ ስም፣ ሞዴሉ፣ አምራቹ፣ መለያ ቁጥሩ፣ የስርዓተ ክወናው ሥሪትና የባለቤቱ ስም የመሰለ ነው። የድረ ገጽ ጉብኝት ታሪክ፣ የግል ኢሜይል፣ ፎቶና የሰነድ ይዘት በገጹ ላይ አይታይም። እንዲህ ስል ግን ሙሉ በሙሉ ላረጋጋዎ አልፈልግም። አስተዳደር ማለት ፕሮግራም የመጫንና ስክሪፕት የማስኬድ አቅም ሊኖረው ይችላል ማለት ነው፤ የተጫነው ፕሮግራም ደግሞ የራሱ ዓይን ሊኖረው ይችላል። በመሥሪያ ቤቱ ቪፒኤን ወይም ኔትወርክ በኩል የሚያልፍ ግንኙነትም ሌላ መንገድ ነው። እኔ በነበርኩበት ቦታ የሰው ፎቶ ለማየት ጊዜም ፍላጎትም አልነበረንም፤ ሆኖም የግል ማሽንን ደኅንነት በአስተዳዳሪው መልካም ጠባይ ላይ መጣል አልመክርም።

---

መምህርት፣ ማክሰኞ ማታ

አመሰግናለሁ። ከእኔ በኩል የክሮምን ጉዳይ ልጨምር፤ ተማሪዎቼም ወላጆቻቸውም በዚህ ነው የሚቸገሩት። ልጁ በቤት ኮምፒውተር ላይ በትምህርት ቤት አካውንቱ ክሮም ውስጥ ሲገባ ማሰሻው «በድርጅትዎ የሚተዳደር» ይላል፤ አንዳንድ ገጾች ይዘጋሉ፤ ሊነቀሉ የማይችሉ የማሰሻ ቅጥያዎችም (ኤክስቴንሽን) ይጫናሉ። ወላጆች ኮምፒውተሩ በሙሉ የተያዘ ይመስላቸዋል። ብዙ ጊዜ የተያዘው የክሮም መገለጫው፣ ማለትም ፕሮፋይሉ ብቻ ነው። በቀኝ በኩል ከላይ ካለው ክብ ምስል ገብተው ያንን ፕሮፋይል ቢሰርዙት ደንቡም ቅጥያዎቹም አብረውት ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት በፕሮፋይሉ ውስጥ የተቀመጡ የግል የይለፍ ቃሎችንና ዕልባቶችን ማውጣት ያስፈልጋል። እኔ ራሴ ለቤትና ለሥራ ሁለት ፕሮፋይል ከፍቼ ነው የምጠቀመው፤ ልጁም ገና ተማሪ ከሆነ መሰረዝ ሳይሆን እንዲህ መለየት ነው የሚሻለው።

---

ሁለተኛ እጅ፣ ረቡዕ ጠዋት

እኔ ደግሞ ያገለገለ ላፕቶፕ ከግለሰብ ገዛሁ። ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ ሳስጀምረው፣ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የማላውቀው ድርጅት ስም ብቅ ብሎ በዚያ ድርጅት አካውንት ግባ ይለኛል። ሦስት ጊዜ ፎርማት አደረግኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ተመልሶ መጣ። «ዲስኮኔክት» የምለው ቦታ እንኳ አልደርስም።

---

ፈጣን እጅ፣ ረቡዕ ጠዋት

ኢንተርኔቱን ነቅለህ ብታስጀምረውስ?

---

ቁልፍ ያዥ፣ ረቡዕ ጠዋት

ይህ እስካሁን ከተነጋገርንበት ሁሉ የተለየ ነው፤ መልሴንም ሳላለሳልስ እናገራለሁ። ማሽኑ በዊንዶውስ አውቶፓይለት (ድርጅቶች ማሽኖቻቸውን ከርቀት የሚያዘጋጁበት አገልግሎት) ተመዝግቧል። ምዝገባው ያለው በዲስኩ ላይ ሳይሆን በማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ነው፤ የማሽኑ አካላት አሻራ ተወስዶ በዚያ ድርጅት ስም ተቀምጧል። ለዚህ ነው ዲስኩን አንድ መቶ ጊዜ ቢያጠፉትም የሚመለሰው። ሊያነሳው የሚችለው ያስመዘገበው ድርጅት ነው።

ኢንተርኔት ነቅሎ ማስጀመር ጉዳዩን መሸፈን ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማሽኑ ሲታደስ ጥያቄው እዚያው ይጠብቅዎታል። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፤ ሻጩ ማሽኑን ከየት አመጣው? ድርጅቱ በሕጋዊ መንገድ አውጥቶ ከሸጠው መዝገቡን ማንሳት ለአይቲ ክፍሉ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ የማሽኑን መለያ ቁጥርና የግዢ ደረሰኝ ልከው ይጠይቋቸው። ከጠፉ ንብረቶች አንዱ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ የእርስዎ አይደለም፤ ገንዘብዎን ከሻጩ ይጠይቁ። የዚህ ክር ርዕስ የግል ማሽን ነው፤ የሌላ ሰው ንብረት የሚከፈትበትን ዘዴ ከእኔ አይጠብቁ።

---

ፖም ተጠቃሚ፣ ረቡዕ ከሰዓት

በማክም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እርስዎ ራስዎ የጫኑት የአስተዳደር ፕሮፋይል ከሆነ በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ያገኙታል። በቅርቦቹ ሥሪቶች «ጀነራል» ሥር «ዲቫይስ ማኔጅመንት» በሚለው፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ደግሞ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ፕሮፋይልስ» በሚለው ስም ነው። የመቀነስ ምልክቱን ተጭነው ያስወግዱታል። ማሽኑ በአፕል የድርጅቶች ወይም የትምህርት ቤቶች መመዝገቢያ (ቢዝነስ ማናጀር ወይም ስኩል ማናጀር) በመለያ ቁጥሩ ከተመዘገበ ግን ቢያጠፉትም ተመልሶ ይመጣል፤ ሁለተኛ እጅ የገጠመው ዓይነት መሆኑ ነው። ሆኖም ማሽኑ ከሻጭ በቀጥታ ሳይሆን በአፕል ኮንፊገሬተር በእጅ የተመዘገበ ከሆነ፣ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችልበት የ30 ቀን ጊዜ አለ። ድርጅቱ የግል ማክዎን «ለአንድ ጊዜ ብቻ» ብሎ ከወሰደው ይህን ቀን ይቁጠሩ።

---

የማታ ብርሃን፣ ዓርብ ማታ

ሁሉንም በተነገረኝ ቅደም ተከተል ፈጸምኩ። ዲስኩ በእርግጥም ተመስጥሮ ነበር፤ እኔ አላውቅም። ምስጠራውን አንስቼ እስኪጨርስ ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ፒክቸርስ የሚለው ፎልደር ሳላውቅ ወደ መሥሪያ ቤቱ ዋንድራይቭ ተዛውሮ አገኘሁት፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፎቶ የደመና ምልክት ነበረበት። ያልታደለች፣ ታሪክሽን ባላነብ ኖሮ ትናንት ማታ ነበር ያንን ቁልፍ የምጫነው፤ ልጄ የተወለደ ቀን ያነሳናቸው ፎቶዎች ከእነዚያ ውስጥ ነበሩ።

ለአይቲ ክፍሉም ጻፍኩላቸው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ማሽኑ «የኮርፖሬት» ተብሎ ተመዝግቦ እንደነበር፣ ወደ «የግል» እንዳስተካከሉት መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ «ዲስኮኔክት» ተጫንኩ። የስክሪኑ መቆለፊያ ጊዜ ከእጄ ገባ። ዎርድ እንደገመትኩት ማንበብ ብቻ እንጂ መጻፍ አይፈቅድም፤ ፈቃዱ የመሥሪያ ቤቱ ነበርና አልከፋኝም። አንድ ነገር ግን ግራ አጋብቶኛል። በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ «ከእነዚህ ቅንብሮች አንዳንዶቹን የሚያስተዳድረው ድርጅትዎ ነው» የሚለው ጽሑፍ አሁንም አለ። ማሽኑን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አብርቻለሁ።

---

ፈጣን እጅ፣ ዓርብ ማታ

ይኸው፤ አልለቀቁህም ማለት ነው። አሁንስ ፎርማት አድርገው።

---

ቁልፍ ያዥ፣ ዓርብ ማታ

ቸኩለው አይወንጅሏቸው። ያ ጽሑፍ «ድርጅት» ይበል እንጂ ዊንዶውስ ማን እንደጻፈው አያጣራም፤ በሬጅስትሪው (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ ለደንቦች በተለየው ቦታ አንድ ነገር ተጽፎ ካገኘ ጽሑፉን ያወጣል። የተረፈ የመሥሪያ ቤት ደንብ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዶቹ ከተላቀቀ በኋላም ይቀራሉና። ነገር ግን የግል መረጃ እጠብቃለሁ የሚሉ ወይም አፕዴትን የሚያቆሙ ትንንሽ ፕሮግራሞችም እዚያው ቦታ ላይ ይጽፋሉ። በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» በሚለው ሥር የተዋቀሩ ደንቦችን የሚያሳይ ማስፈንጠሪያ ካለ ይክፈቱት፤ የትኛው ደንብ እንደሆነና ምንጩ «ግሩፕ ፖሊሲ» ወይስ «ሞባይል ዲቫይስ ማኔጅመንት» እንደሆነ ይነግርዎታል። ሁለተኛው ካልሆነ መሥሪያ ቤቱን ይተዉትና የራስዎን ፕሮግራሞች ይመርምሩ።

---

የማታ ብርሃን፣ ቅዳሜ ጠዋት

ምንጩ «ግሩፕ ፖሊሲ» ይላል። እያፈርኩ ነው የምጽፈው፤ ባለፈው ዓመት አፕዴት በስብሰባ መካከል ማሽኑን እንዳያጠፋብኝ ብዬ አንድ ነፃ ፕሮግራም ጭኜ ነበር። ከፍቼ የነካሁትን ምርጫ መለስኩ፤ ማሽኑን አጥፍቼ ሳበራው ጽሑፉ የለም። ለዚህ አንዱ ጥፋት አንድ ዓመት ሙሉ መሥሪያ ቤቱን ስወቅስ ነበር።

---

አዲስ ገቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ለእኔ አንድ ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ፤ ቲምስን በራሴ ላፕቶፕ ጫን ተብያለሁ። ከመጀመሪያው እንዳልታሰር ምን ላድርግ?

---

ቁልፍ ያዥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት

በሥራ አካውንትዎ ሲገቡ ስለ መላው ማሽን የሚጠይቅ መስኮት ይመጣል፤ አገላለጹ እንደ ሥሪቱ ይለያያል። በብዙዎቹ ላይ «ድርጅቴ መሣሪያዬን እንዲያስተዳድር ፍቀድ» የሚል ሳጥን አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይቀርባል። ምልክቱን አንስተው «እሺ» ቢሉ አስተዳደሩ ይቀራል፤ ምዝገባው ግን ይፈጸማል። ሁለቱም እንዳይሆኑ ከፈለጉ ከታች በትንሽ ፊደል «አይ፣ ወደዚህ መተግበሪያ ብቻ ልግባ» የሚል ማስፈንጠሪያ አለ፤ እሱን ይጫኑ። መሥሪያ ቤቱ ያልተመዘገበ ማሽን አልቀበልም የሚል ደንብ ካለው መግባት ይከለክልዎታል። ያን ጊዜ በማሰሻ በኩል መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልተፈቀደም የሥራ ማሽን እንዲሰጡዎ ይንገሯቸው።

---

የማታ ብርሃን፣ እሑድ ማታ

አዲስ ገቢ፣ ያ መስኮት ዛሬ በእህቴ ላፕቶፕ ላይ ወጣ። ለኮሌጅ አካውንቷ ቲምስ ልጫንላት ተቀምጬ ነበር። እሷ እጇን ወደ «እሺ» ስትልክ ያዝኳትና አብረን እስከ መጨረሻው አነበብነው። ትንሿ ማስፈንጠሪያ ከታች በግራ በኩል ናት።